ጭቃ፣ ከሰልና የሕፃን እጅ

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



በአፈር ላቦራቶሪ የሠራ መሐንዲስ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ፈተና አለች። ቴክኒሻኑ ከእርጥቡ ናሙና ጥቂት ቆንጥሮ በመስታወት ገበታ ላይ በመዳፉ እያንከባለለ ክር እስኪመስል ድረስ ያቀጥነዋል። ክሩ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀጥን መፈርፈር የጀመረ እንደ ሆነ፣ በዚያች ቅጽበት በአፈሩ ውስጥ ያለው የውኃ መጠን ይለካና «ፕላስቲክ ሊሚት» ተብሎ ይመዘገባል። ለዚህ ዐይነቱ የአፈር መለኪያ መሠረት የጣለው አልበርት አተርበርግ የተባለ ስዊድናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ሲሆን፣ ዘመኑም 1911 እ.ኤ.አ. ነበር። የመንገድ ሥራ፣ የግድብ ግንባታና የሕንፃ መሠረት ሁሉ ከዚህች የጭቃ ክር ጋር ጉዳይ አላቸው።

ዝናብ ባባራ ማግሥት በአዳማ ዳርቻ በሚገኙት ሰፈሮች ለሚያልፍ ሰው፣ የአራት ዓመት ሕፃን ይህንኑ ፈተና ያለ መስታወትና ያለ ሚዛን ሲያካሂድ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ሕፃኑ ጭቃውን በሁለት መዳፎቹ መካከል እያሸ እባብ ያደርገዋል፤ እባቡ የተሰበረ እንደ ሆነ ውኃ ይጨምርበታል፤ ከእጁ ጋር የተጣበቀ እንደ ሆነ ደረቅ አፈር ይነሰንስበታል። ከጥቂት ሙከራ በኋላም ትክክለኛውን ልክ ያገኘዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ዋና ልዩነት፣ ቴክኒሻኑ ስለ ሥራው ደመወዝ ሲቀበል ሕፃኑ ግን ልብሱን በማቆሸሹ የሚገሠጽ መሆኑ ነው።

ይህ ንግግር የሚመለከተው ይህንኑ ሕፃን ነው። በአዳማና በስምጥ ሸለቆው ወለልና ጠርዝ ላይ በተዘረጉት ሌሎች የኦሮሚያ ከተሞች፣ ማለትም በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነጌሌና በሻሸመኔ፣ ለቅድመ መደበኛ ትምህርት የደረሱ ሕፃናት ሥዕል የሚሥሉትና ቅርጽ የሚያወጡት በምንድን ነው? ጥያቄው በተነሣ ቁጥር የሚሰማው መልስ «ዕቃ የለም፤ በጀት የለም» የሚል ነው። ዕቃው ግን በእግር ሥር አለ። የጎደለው ጭቃው የሚቦካበት፣ እጁ የሚታጠብበትና ሥራው የሚደርቅበት ቦታ ነው። ይህንንም ቦታ በፕላኑ ላይ የሚያሰፍረው ወይም የሚዘነጋው መምህሩ ሳይሆን መሐንዲሱ ነው። ጉዳዩ በዚህ ማኅበር ፊት ሊቀርብ የቻለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

የመዋዕለ ሕፃናት ታሪክ ከምህንድስና ጋር የቆየ ዝምድና አለው። በ1837 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በብላንክንቡርግ ከተማ የመጀመሪያውን የሕፃናት ተቋም የከፈተው ፍሪድሪክ ፍሮበል፣ በወጣትነቱ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ጀምሮ የተወ፣ በኋላም በበርሊን የማዕድን ቤተ መዘክር ውስጥ በረዳትነት የሠራ ሰው ነበር። ለሕፃናት ያዘጋጃቸው መጫወቻዎች ኳስ፣ ሲሊንደርና ኪዩብ መሆናቸው የማዕድናትን ቅርጽ ሲመረምር የኖረ ሰው ሥራ መሆናቸውን ይመሰክራል። ዝነኛው አሜሪካዊ አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት እናቱ በገዙለት የፍሮበል የእንጨት ኪዩቦች መጫወቱን በሽምግልናው ዘመን እንኳ አልረሳውም፤ ለሥራው መነሻ እንደ ሆነውም በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ጽፏል። በኢትዮጵያም የመጀመሪያው ዘመናዊ መዋዕለ ሕፃናት በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በድሬዳዋ የተከፈተው ለፈረንሳውያን የምድር ባቡር ሠራተኞች ልጆች እንደ ነበር ይነገራል። ያው የባቡር መሥመር ነው አዳማንም የጣቢያ ከተማ ያደረጋት።

የመስኮች ድንበር እንደሚታሰበው ጽኑ አለመሆኑን የሚያስታውስ አንድ የአገር ምሳሌም አለ። አፈወርቅ ተክሌ በ1947 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። የምህንድስናው ሙያ አንድ ባለሙያ ቢያጣም፣ አዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሆን የመስታወት ሥዕል አገኘች። በዚህ ልውውጥ የሚቆጭ መሐንዲስ ይኖራል ተብሎ አይገመትም።

ወደ ዛሬው ሁኔታ ሲመጣ ጉዳዩ እንዲህ የሚያዝናና አይደለም። በደርግ ዘመን የቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት በከተሞች ተስፋፍተው ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት ዓላማ የሕፃኑ ሁለንተናዊ ዕድገት መሆኑን ደነገገ፤ ሥራውን ግን በአብዛኛው ለግልና ለሃይማኖት ተቋማት ተወው። በ2002 ዓ.ም. የቅድመ ልጅነት ፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ በኋላ ነው «ኦ ክፍል» የተባለው በመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ በስፋት የተከፈተው። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ የቅድመ መደበኛውን ትምህርት ሁለት ዓመት አድርጎታል። ይህ ሁሉ መልካም እርምጃ ነው። ሆኖም በብዙ ቦታ ለኦ ክፍል የተሰጠው ለትልልቆቹ ልጆች ተሠርቶ የተረፈ ክፍል ነው፤ ጥቁር ሰሌዳው ከሕፃኑ ራስ በላይ የተሰቀለ፣ አግዳሚው እግሩን መሬት የማያስነካ፣ የውኃ ቧንቧውም በግቢው ማዶ ያለ። በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ከሚገባው በላይ የበዙ ሕፃናት የተሰጧት መምህርት በሰሌዳው ላይ ላም ሥላ «ይህን ገልብጡ» ብትል ማን ይፈርድባታል? ክፍያ በሚጠይቁት ቤቶችም ቢሆን ሁኔታው እምብዛም አይሻልም፤ ወላጅ የሚጠብቀው በእንግሊዝኛ የተጻፈ የቤት ሥራ እንጂ ጭቃ የነካው ሽርጥ አይደለም። በፎቶ ኮፒ የተባዛ የዳክዬ ሥዕል ተሰጥቶት ከመሥመሩ ሳይወጣ ቢጫ እንዲቀባ የታዘዘ ልጅ ሥዕል ሣለ ሊባል አይችልም። ዳክዬዋን የሣላት ሌላ ሰው ነው፤ ልጁ የተማረው ከመሥመር አለመውጣትን ብቻ ነው።

ስለዚህ ነገር ዋጋ የሚከፍለው እጅ ነው። ልጆች ክብ መሥመር አይተው መገልበጥ የሚችሉት በሦስት ዓመታቸው ግድም፣ መስቀል በአራት፣ አራት ማዕዘን ወደ አምስት ዓመት ሲጠጉ፣ ሦስት ማዕዘን ደግሞ ከዚያ ትንሽ ዘግይተው መሆኑን የልጆችን ዕድገት የሚያጠኑ ሊቃውንት ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ይስማሙበታል። ይህን ቅደም ተከተል ከፊደል ገበታ ጋር ማስተያየት ነው። ዐይኑ «ዐ» የሦስት ዓመት ልጅ ክብ ናት፤ «ተ» የአራት ዓመት ልጅ መስቀል ናት፤ «በ» ግን አንድ ጎኑ የጎደለ አራት ማዕዘን በመሆኑ ቢያንስ አንድ ዓመት መታገሥን ይጠይቃል። በአፋን ኦሮሞ የሚማረው ልጅም በቁቤው ያው ክብና ያው መስቀል ይጠብቁታል። በአንደኛው መንገድ 33 በ7 ተባዝቶ 231 ፊደል፣ በሌላኛው ትልልቅና ትንንሽ የላቲን ፊደላት ከፊቱ ተደቅነዋል፤ እርሳሱን የሚይዙት ሦስት ጣቶች ግን ያው ሦስት ጣቶች ናቸው። ጭቃ ያልጨመቀ፣ ከሰል ያልያዘ፣ ወረቀት ያልቀደደ እጅ ወደ ፊደሉ ሲደርስ ሳይዘጋጅ ይደርሳል። ከዚያም ልጁ «ሰነፍ» ይባላል። ይህ ስም ከተለጠፈበት በኋላ መፋቁ ፊደሉን ከማስተማር ይልቅ ከባድ ነው።

እንግዲህ ስለ ዕቃው መናገር ይገባል፤ በመጀመሪያም ስለ ጭቃ። በሞጆና በቢሾፍቱ አካባቢ የሚገኘው ጥቁር ዋልካ እጅግ ይለመጣል፤ ሲደርቅ ግን ተኮማትሮ ይሰነጠቃል፤ ይህን ጠባዩን በላዩ መንገድ የሠራ ሁሉ በሚገባ ያውቀዋል። በአንጻሩ ከእሳተ ገሞራ አመድና ከባሕር ድንጋይ የመጣው ቀላል አፈር ብቻውን ቅርጽ አይዝም። ሸክላ ሠሪዎች ለዚህ ችግር መፍትሔ ካገኙለት ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ከጭቃው ጋር አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ይቀላቅላሉ። መምህሯም ይህንኑ ልታደርግ ትችላለች። መጠኑን ለማወቅ የላቦራቶሪ ዕቃ አያስፈልግም። ከቦካው ጭቃ 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ጥፍጥፍ ተሠርቶ በጥላ ሥር ይደርቃል፤ ሲደርቅ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ያጠረ እንደ ሆነ የተነፋ የወንዝ አሸዋ ወይም የገል ዱቄት ይጨመርበታል፤ ሲጠቀለል የሚፈርስ ከሆነ ደግሞ አሸዋው በዝቷል ማለት ነው። አፈሩ የሚወሰድበት ቦታ ከመጸዳጃና ከከብት በረት የራቀ መሆን አለበት፤ የላይኛውም አፈር ተገፎ ከግማሽ ሜትር በታች ያለው ይወሰዳል። ማድቀቅና መንፋት ሕፃናቱ በሌሉበት ሰዓት የሚሠራ የአዋቂ ሥራ ነው፤ አቧራው ለሳንባ አይበጅምና።

ስለ ውኃውም አንድ ነገር ማከል ያስፈልጋል። በስምጥ ሸለቆው ውስጥ የብዙ ጉድጓዶች ውኃ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ከወሰነው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ በላይ ይይዛል፤ የአካባቢው ልጆች ጥርስ መበለዝም የዚሁ ውጤት ነው። እንዲህ ያለው ውኃ ለመጠጥ ባይመከርም ጭቃ ለማቡካት ምንም አይጎድለው። ስለዚህ የሥነ ጥበቡ ሰዓት ከልጆቹ የመጠጥ ውኃ ጋር የሚሻማበት ምክንያት የለም፤ በርሜሎቹ በግልጽ ይለዩ እንጂ።

ልጁ በጭቃው ምን ይሥራ? ለዚህ ጥያቄ የገጠሩ እረኛ ያለ መምህር መልስ ሰጥቶበታል፤ ላምና በሬ ይሠራል፤ ቀንዱን አሾልኮ፣ ሻኛውን ከፍ አድርጎ። በጅቡቲ መንገድ ዳር ያደገው የአዳማ ልጅ ደግሞ ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና ይሠራል። ለሦስት ዓመት ልጅ መጭመቅ፣ መደብደብና መቁረስ ብቻውን በቂ ነው፤ «ይህ ምንድን ነው?» ተብሎ ባይጠየቅ ይመረጣል፤ ብዙውን ጊዜ ገና ምንም አይደለምና። ያልተተኮሰ ጭቃ ሁሉ ወደ በርሜሉ ተመልሶ እንደገና ይቦካል። ሆኖም ልጁ ከሥራዎቹ አንዱን መርጦ ለእናቱ ይዞ እንዲሄድ መፍቀድ ይገባል። የሠራውን ሁሉ በዐይኑ ፊት አፍርሶ ወደ በርሜል መጣል ቁጠባ ቢሆንም ቅጣትም ነው።

ቀጥሎ ከሰል ነው። ከምድጃ የተለቀመ ከሰል ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል። የተሻለው ግን ቀጫጭን ደረቅ ቅርንጫፎችን ልጦ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ መደርደር፣ ክዳኑን በምስማር አንድ ጊዜ መብሳትና ጣሳውን ከእሳት ላይ ማኖር ነው። ከቀዳዳው የሚወጣው ጢስ ሲያቆም ጣሳው ይወርዳል፤ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝም አይከፈትም፤ አየር የገባበት ትኩስ ከሰል አመድ ይሆናል። ለሕፃን እጅ የሚስማማው እንደ አዋቂ ጣት የወፈረው ነው፤ ቀጭኑ ቶሎ ይሰበራል። የሚሣልበትም በስሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ ወይም የካርቶን ገጽ ሊሆን ይችላል። ከግንባታ ሥራ የሚተርፈው የስሚንቶ ከረጢት ግን በወረቀትነቱ ቢያጓጓም ለሕፃን አይሰጥም። በውስጡ የቀረው ብናኝ ቆዳንና ዐይንን ያቃጥላል። ኖራም እንዲሁ።

ቀለሙስ? ቀይና ቢጫ አፈር በውኃ ይበጠበጣል፤ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ሻካራው ወደ ታች ሲዘቅጥ ከላይ ያለው ቀለም ያዘለ ውኃ ወደ ሌላ ዕቃ ይገለበጣል፤ ያም ሲረጋ ልሙጥ ቀለም ይገኛል። ይህ ሥራ በሃይድሮሜትር ከሚደረገው የአፈር ምርመራ በስም እንጂ በሕግ አይለይም። ማጣበቂያው አንድ ስኒ የስንዴ ዱቄት በአራት ስኒ ውኃ የተፈላበት ሙጫ ነው፤ ጋዜጣ በግድግዳ ላይ የለጠፈ ቤተሰብ ሁሉ ያውቀዋል። ቢጫ ለማግኘት እርድ፣ ጥቁር ለማግኘት የድስት ጥላሸት ይበቃል። ለብሩሽ መፋቂያ አለ፤ ጫፉ የታኘከ የመፋቂያ እንጨት ከገበያ ከሚገዛው ርካሽ ብሩሽ ይልቅ ቀለም ይይዛል። ጥበቡም አዲስ አይደለም። በድሬዳዋ አጠገብ ፖርክ ኤፒክ በተባለው ዋሻ ውስጥ ከ4,000 በላይ የቀይና የቢጫ አፈር ድንጋይ ቁርጥራጮች ከመፍጫ ድንጋዮቻቸው ጋር ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸውም ወደ 40,000 ዓመት ይገመታል። ከዚያ ዘመን ጀምሮ ያልጠፋ ዕቃ ዛሬ በበጀት እጥረት ጠፋ ቢባል ለማመን ያስቸግራል።

ከውጭ አገር የሚመጡ የመምህራን መመሪያዎች ግን አንድ የሚደናቀፉበት ቦታ አላቸው። ሕፃናት ሩዝ፣ ምስርና መኮሮኒ በወረቀት ላይ እየለጠፉ ሥዕል እንዲሠሩ ይመክራሉ። በ1977 ዓ.ም. የሆነውን በሚያስታውሱ ሽማግሌዎች መካከል፣ በ2008 ዓ.ም. ድርቅም ከብቱ ያለቀበት ዘመድ ባለው ቤተሰብ ፊት፣ እህል መጫወቻ ሊሆን አይችልም፤ ነውር ነው። በዚህ ነገር ወላጆች ትክክል ናቸው፤ መመሪያውም ሊታረም ይገባዋል። ሙጫው ከዱቄት መሠራቱ ይህን ይቃረናል የሚል ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን ለሥራ የዋለ አንድ ስኒ ዱቄትና በሕፃን እግር ሥር የተበተነ ምስር በእናት ዐይን አንድ አይደሉም። በእህል ምትክ የግራር ፍሬ ቅርፊት፣ የጃካራንዳ ገለባ፣ ደረቅ ቅጠልና ሣር ሞልተዋል።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ አገሩ የሚሰጠው ሁሉ ለሕፃን አይሆንምና። የጉሎ ፍሬ ዥንጉርጉርነቱ ልጅን ይስባል፤ መርዙ ግን ገዳይ ነው። የቁልቋል ወተት ዐይን ያጠፋል። የአዳማ ስም «አዳሚ» ከሚባለው ቁልቋል መሰል ተክል የመጣ ነው መባሉ እንኳ ይህን አያስቀርም። በባቱ አጠገብ በገደሞታ ከ270,000 ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች መሣሪያ የሠሩበት ባልጩት ዛሬም ምላጭ ነው፤ አፈር ሲነፋ ስባሪው ተለቅሞ መውጣት አለበት። ለአንገት ጌጥ የሚሆን ጨሌም ለሦስት ዓመት ልጅ ጉሮሮ አደጋ ነው።

ከአዳማ በላይ ባለው ሸንተረር የሚታዩትን የነፋስ ተርባይኖች የማያውቅ የከተማዋ ልጅ የለም፤ 51 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አንደኛው ጣቢያ በ2004 ዓ.ም.፣ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው በ2007 ዓ.ም. ሥራ ጀምረዋል። ከአራት ማዕዘን ወረቀት የምትሠራው መንኮራኩር ለአምስት ዓመት ልጅ ከዚያ ጋር የምታገናኘው ድልድይ ናት። ማዕዘኖቹን ልጁ ራሱ ያጥፋ፤ ሚስማሩን መምህሯ ትምታ። ያልዞረችውን መንኮራኩር ለምን እንዳልዞረች እንዲፈልግ ጊዜ ይሰጠው እንጂ ቶሎ አይታረምለት።

የቀረው የመሐንዲሱ ድርሻ ነው። ለአንድ የቅድመ መደበኛ ክፍል የሚያስፈልገው ተጨማሪ ሥራ እጅግ ጥቂት ነው። ከክፍሉ በር ውጭ፣ በጥላ ሥር፣ ጠርዙ ከወለል 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ረጅም የመታጠቢያ ገንዳ፤ ጭቃ የሚቦካበትና ወደ አንድ ወገን በመቶ 2 የሚያዘነብል የሲሚንቶ ወለል፤ ነፋስ እንጂ ቀጥተኛ ፀሐይ የማያገኘው ማድረቂያ መደርደሪያ፤ በውስጥ ግድግዳው ላይም ከወለሉ ከ30 እስከ 110 ሴንቲ ሜትር ድረስ በሰሌዳ ቀለም የተቀባ ልሙጥ ልስን። ይህ ሲኖር መምህሯ አሥር አሥሩን ልጅ በተራ ወደ ጥላው ማውጣት ትችላለች፤ የቀሩት በግድግዳው ላይ ይሥላሉ። ከሁሉ በላይ ሊዘነጋ የማይገባው ግን የጭቃ ማጣሪያው ሣጥን ነው። አዳማ በኮረብቶች መካከል የተኛች፣ የጎርፍ ጣጣ የማያጣት ከተማ ናት፤ ቦይዋ ያለ ጭቃ እንኳ ይደፈናል። ገንዳው በቀጥታ ከቧንቧ ጋር ከተያያዘ በአንድ ወር ውስጥ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ጭቃው ይከለከልና ሁሉም ወደ ዳክዬው ፎቶ ኮፒ ይመለሳል። ብዙ መልካም ሐሳቦች የሞቱት በእንዲህ ያለ ቧንቧ ውስጥ ነው።

ሣጥኑ 40 ሴንቲ ሜትር በሁሉም አቅጣጫ ቢሆን ይበቃል። መውጫው ከወለሉ ከፍ ይላል፤ ክዳኑም አንድ ሰው ብቻውን ሊያነሣው የሚችል ይሁን። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይከፈትና የረጋው ጭቃ በአካፋ ተዝቆ ወደ በርሜሉ ይመለሳል፤ ሰኞ ጠዋት እንደገና እባብ ይሆናል።